መረጃ አደራ ነው፦ በመረጃ ደህንነት ውስጥ እምነት ምን ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት የፓስፖርቴን ኮፒ ላወጣ ሰፈራችን ያለ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ "በቴሌግራም ላክልኝ" አለኝ። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ላክሁለት፤ ፕሪንት አድርጎ ሰጠኝ፤ ከፈልሁ። ልወጣ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። የወረዱ ፋይሎች የሚጠራቀሙበት ፎልደር ተከፍቷል። ከእኔ ፓስፖርት ስር የአንዲት ሴት የጋብቻ ምስክር ወረቀት አለ። ከእሱ ስር የአንድ ሰው የባንክ ስቴትመንት፣ ቀጥሎ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ከዚያ መታወቂያ፣ መታወቂያ፣ መታወቂያ። ወደ ታች ቢሄዱ የማያልቅ ዝርዝር ነው።

ልጁ ጨዋ ነው። ዓመታት አውቀዋለሁ። አንድም ቀን ሰው ሲያታልል አላየሁም። ኮምፒውተሩ ግን ፓስወርድ የለውም። ማታ ማን እንደሚቀመጥበት አላውቅም። ነገ ተበላሽቶ ጥገና ቢሄድ ማን እንደሚከፍተው ልጁ ራሱ አያውቅም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው። ሰውን "አምነዋለሁ" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልለን ነው። አንደኛው ልቡን ማመን ነው፤ ክፉ አያስብብኝም ማለት። ሁለተኛው አቅሙን ማመን ነው፤ የሰጠሁትን ነገር መጠበቅ ይችላል፣ ያውቅበታል ማለት። የኮፒ ቤቱን ልጅ ልቡን አምነዋለሁ። አቅሙን ግን ጠይቄው አላውቅም።

ስለ መረጃ ደህንነት ሲወራ ሃከር፣ ቫይረስና ፓስወርድ ነው ቶሎ የሚነሳው። እነዚህ ሁሉ ግን ከአንድ ጥያቄ ይመነጫሉ። ማንን፣ በምን ጉዳይ፣ እስከ ምን ድረስ እናምናለን?

የመረጃ ደህንነትና የዳታ ጥበቃ አንድ አይደሉም እንዴ?

ይነካካሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጎተራ አስቡ። አይጥ እንዳይገባ፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው፣ ሌባ እንዳይሰብረው ማድረግ የመረጃ ደህንነት ነው። ቁልፉ በእጁ ያለው ጠባቂ እህሉን ላልተባለበት ጉዳይ እንዳያውለው፣ ለጎረቤት እንዳያበድረው ማድረግ ደግሞ የዳታ ጥበቃ ነው። የመጀመሪያው በጉልበት ወይም በተንኮል የሚመጣውን ያስቆማል። ሁለተኛው አምነን ያስገባነውን ሰው ልክ ያበጅለታል።

ባለሙያዎች የመረጃ ደህንነትን በሦስት ነገር ይለኩታል። ማየት የሌለበት እንዳያየው፣ ማንም እንዳይበርዘው፣ ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት እንዲያገኘው።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ምሳሌ አለ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ እንዳለው ከውጭ የመጣ ጥቃት አልነበረም፤ ችግሩ የተፈጠረው በራሱ የሲስተም ሥራ ላይ ነው። የማንም ምስጢር አልወጣም። የተነካው ሁለተኛው ነገር፣ የሂሳቡ ትክክለኛነት ነው። አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ ደግሞ ሦስተኛው ጎደለ። በባንኩ መግለጫ መሠረት ወደ 801 ሚሊዮን ብር ወጣ፤ አብዛኛውም ተመለሰ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱ ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶ በቅርንጫፎቹ ለጠፈ። እዚህ ላይ ከመረጃ ደህንነት ወጥተን ወደ ዳታ ጥበቃ እንገባለን። ገንዘብን ማስመለስ የባንክ መብት ነው። ሰውየው ሂሳብ ሲከፍት ፎቶውን የሰጠው ግን ለምን ነበር? ያኔ ለተሰጠበት ጉዳይና አሁን ለዋለበት ጉዳይ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? የዳታ ጥበቃ ሕግ በብዙ አገር የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ቁልፍ ካለ እምነት ለምን ያስፈልጋል?

ቁልፍ እምነትን አያስቀርም፤ ወደ ቁልፍ ሠሪው ያዛውረዋል እንጂ።

ቤት ስትገዙ ሻጩን ላታውቁት ትችላላችሁ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ትፈራረማላችሁ። ከዚያ በኋላ የምታምኑት ሻጩን ሳይሆን ማህተሙን ነው። ኢንተርኔትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የባንካችሁን ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ ገጹ እውነት የባንኩ መሆኑን ስልካችሁ በምን ያውቃል? ገጹ አንድ ዲጂታል ሰርተፍኬት ያቀርባል። ሰርተፍኬቱን የሰጠው ሦስተኛ ወገን ነው፤ የኢንተርኔቱ ውልና ማስረጃ በሉት። ስልካችሁ ውስጥ የሚታመኑ ሰርተፍኬት ሰጪዎች ዝርዝር ገና ሲሠራ ተጭኗል። ከእነሱ የአንዱ ማህተም ካለበት ስልኩ ዝም ይላል። ከሌለበት "ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" ብሎ ያስጠነቅቃል።

ማህተም የሚመታው ራሱ ቢዘረፍስ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድስ የሆነው ይህ ነው። ዲጂኖታር የሚባል ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ነበር። የአገሩ መንግሥት ሳይቀር ይገለገልበታል። በዚያ ዓመት ሰርጎ ገቦች ሲስተሙ ውስጥ ገብተው ሐምሌ ላይ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች አወጡ። አንዱ በጉግል ስም ነበር። በዚያ ሰርተፍኬት አማካይነት ኢራን ውስጥ ያሉ ሰዎች ኢሜላቸውን የከፈቱ መስሏቸው በመካከል የተቀመጠ ሰው እያነበበው እንዲያልፍ ተደረገ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ለዚህ የተጋለጡት ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም። ለአብዛኞቹ ማስጠንቀቂያም አልመጣላቸውም። ማህተሙ እውነተኛ ነበር፤ የመታው እጅ ነው የሌባ።

ከሁሉ የሚከነክነው ድርጅቱ መሰበሩን በሐምሌ ወር አውቆ ዝም ማለቱ ነው። ነገሩ የወጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ አንድ ኢራናዊ ተጠቃሚ ብራውዘሩ ያሳየውን ማስጠንቀቂያ በይፋ ሲጠይቅ። በቀናት ውስጥ ትልልቆቹ የብራውዘር ሠሪዎች ዲጂኖታርን ከሚታመኑት ዝርዝር ሰረዙት። መስከረም ላይ ኪሳራ ታወጀበት። የሚሸጠው መታመንን ብቻ ነበር። እሱ ሲሄድ ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረውም።

አጥቂዎች እምነትን እንዴት ይጠቀሙበታል?

ግድግዳ ከመስበር የታመነ ሰው መምሰል ይቀላል። ስልክ ተደውሎ "ከባንክ ነው፤ አካውንትዎ ሊዘጋ ስለሆነ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ" ሲባል የሚሆነው ይኸው ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እህት በኢሞ "ቸግሮኛልና በዚህ ቁጥር ብር ላክ" ብላ ስትጽፍ፣ ወንድም አካውንቱ ተሰርቆ ይሆን ብሎ አያስብም። ፎቶዋ አለ። የትናንት ወሬያቸው ከላይ አለ። ሌባው የሰበረው ፓስወርዷን ሳይሆን በወንድምና በእህት መካከል ያለውን ነገር ነው። ለዚህ ነው የተታለለ ሰው ከገንዘቡ በላይ የሚያመው።

ከዚህ የረቀቀም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኮምፒውተር ዓለምን ያስደነገጠውን የኤክስዜድ ታሪክ ብነግራችሁ ነገሩ በደንብ ይገባችኋል።

ኤክስዜድ ፋይሎችን አጨምቆ የሚያሳንስ ትንሽ ሶፍትዌር ነው። ስሙን ሰምታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። ግን በዓለም ላይ ባሉ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች፣ ማለትም ድረ ገጾችንና አገልግሎቶችን በሚያንቀሳቅሱ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። ለዓመታት የሚንከባከበው አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ሰዓቱ። አሁን ዕድር አስቡ። የዕድሩን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ብቻውን የሚጠብቅ፣ የደከመው አንድ ሽማግሌ አለ። አንድ ቀን አዲስ ሰው ሰፈር ይገባል። ለቅሶ ሲሆን ቀድሞ ይደርሳል። ድንኳን ይሸከማል፣ ወንበር ይቆጥራል። ሁለት ዓመት እንዲሁ ያገለግላል። በመሃል ሌሎች፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሰዎች፣ "ሽማግሌው ሰነፈ፤ ቁልፉን ለወጣት ያስረክብ" እያሉ ይወተውታሉ። ሽማግሌው ደክሞታልና ቁልፉን ይሰጣል።

"ጂያ ታን" በሚል ስም የመጣው ሰው ያደረገው ልክ ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጥሩ ሥራ እየሠራ ታመነ። ቁልፉ እጁ ሲገባ በ2024 መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ውስጥ የተደበቀ በር ሠራ። በሩ ዓለምን ቢያዳርስ ኖሮ ምሥጢሩን የያዘው ሰው ቁጥር ስፍር የሌላቸውን ሰርቨሮች መክፈት ይችል ነበር።

ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። የደህንነት ተመራማሪ እንኳ አልነበረም። ሌላ ሥራ ላይ ሳለ ወደ ሰርቨር መግቢያው ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሴኮንድ! ሌላው ሰው ንቆ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ተከታትሎ በሩ ጋ ደረሰ፤ መጋቢት መጨረሻ ላይም ለዓለም አሳወቀ። የጂያ ታን ማንነት እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም።

የዲጂኖታር ችግር የአቅም ነበር። የጂያ ታን ግን አቅሙ የተመሰከረለት ነው፤ የጎደለው ልቡ ነው። ከልብና ከአቅም የአንዱ መኖር ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ታዲያ ማንንም አለማመን ይሻላል?

"ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ይባላል። በኮምፒውተሩ ዓለምም ይህን የሚመስል አስተሳሰብ አለ፤ ዜሮ ትረስት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆን ኪንደርቫግ የተባለ አሜሪካዊ ተንታኝ ያስፋፋው ሐሳብ ነው። ስሙ ያሳስታል። ብዙ ሰው "ሠራተኛህን ሁሉ ጠርጥር" ማለት ይመስለዋል።

ከዚያ በፊት ድርጅቶች ሲስተማቸውን እንደ ግቢ ነበር የሚያዩት። አጥሩ ረጅም፣ በሩ ላይ ዘበኛ። አንዴ የገባ ሰው ግን ቤተሰብ ነው፤ ሳሎንም ጓዳም ይገባል። ሌባ አንዴ አጥሩን ከዘለለ የሚጠይቀው የለም። ዜሮ ትረስት የሚለው፣ ሰው ግቢ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ አይታመን፤ በየበሩ ማንነቱ ይጣራ፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ክፍል ብቻ ይከፈትለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁባችን እንዲህ ነው የሚሠራው። ዕቁብ የሚጥሉት የሚተዋወቁና የሚተማመኑ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ዕጣው የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዳኛው ያያል። ዋስ አምጣ የተባለ ሰው "ሌባ አደረጋችሁኝ" ብሎ አይቀየምም። ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ማንንም አያዋርድም። እንዲያውም ዋሱ ስላለ ነው የማላውቀው የጓደኛዬ ጓደኛ ገብቶ አብሮኝ መጣል የሚችለው። ማጣራት እምነትን ያሰፋዋል።

ስለዚህ ባንክ ሄዳችሁ ገንዘብ ከፋዩ "ይህን ለማጽደቅ ሱፐርቫይዘር ያስፈልጋል" ሲል፣ ወይም ስልካችሁ ከፓስወርድ በተጨማሪ ኮድ ሲጠይቅ፣ ዋስ እየተጠራ ነው በሉ።

እምነት ሲሰበር ምን ይሆናል?

ሁለት አገሮችን ላነጻጽር። ጎረቤታሞች ናቸው።

ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር። ሰዎች ለትዳር ጓደኛቸው ያልነገሩትን እዚያ ይናገራሉ፤ ባለሙያው ይጽፋል። የድርጅቱ ዳታቤዝ ግን በቂ ጥበቃ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ተሰብሮ የታካሚዎች ማስታወሻ ተሰረቀ። ሕዝብ ያወቀው በጥቅምት 2020 ነው። ሌባው መጀመሪያ ድርጅቱን 40 ቢትኮይን ጠየቀ። አልሆን ሲለው ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። ለእያንዳንዳቸው ኢሜል ላከ፦ 200 ዩሮ የሚያወጣ ቢትኮይን በ24 ሰዓት ውስጥ ካልከፈልክ 500 ይሆናል፤ ያንንም ካልከፈልክ የተናገርከውን ሁሉ አወጣዋለሁ። ተጎጂዎቹ ወደ 33 ሺህ ይደርሳሉ።

አንድ ሰው ሐኪሙ ፊት ያለቀሰበትን ምክንያት በማያውቀው ሰው ኢሜል ውስጥ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ለመገመት ይከብደኛል። ፓስወርድ ከተሰረቀ ይቀየራል። የተሰረቀ ገንዘብ ሊተካ ይችላል። የተሰረቀ ገመና ግን ወደ ቦታው አይመለስም። የፊንላንድ የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪ፣ ድርጅቱ በመጋቢት 2019 ስለ ጥቃቱ ማወቅ እንደነበረበትና ሳያሳውቅ እንደቀረ ደርሶበት 608 ሺህ ዩሮ ቀጣው። ያኔ ድርጅቱ ከስሮ ነበር። ጥቃቱን ፈጽሟል የተባለው ወጣትም በ2024 በፍርድ ቤት 6 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደበት።

ኢስቶኒያ ደግሞ ባሕር ብቻ ነው የሚለያት። እዚያ ዜጎች በመታወቂያ ካርዳቸው ይፈርማሉ፣ ግብር ያሳውቃሉ፣ በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች በካርዶቹ ቺፕ ላይ ከባድ ስህተት እንዳለ ለመንግሥት ነገሩት። ወደ 750 ሺህ ካርዶች ይመለከታል፤ በ1.3 ሚሊዮን ሕዝብ አገር። ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። ዝም ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም።

መንግሥቱ ሳምንት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5፣ በይፋ ተናገረ። ስህተቱ ይህ ነው፤ እስካሁን የተጎዳ አላገኘንም፤ የምናደርገው ይህ ነው። ጥቅምት ላይ ምርጫው ተካሄደ፤ ከመራጮቹ 31 በመቶ ያህሉ በኢንተርኔት መረጡ፤ ካለፈው የአካባቢ ምርጫ የበለጠ ነበር። ኅዳር ላይ ደግሞ ያልታደሱት ካርዶች እንዳይሠሩ ታገዱ።

ኢስቶኒያም አቅሟ ጎድሎ ነበር። ልዩነቱ ሕዝቡ የሰማው ከማን ነው የሚለው ላይ ነው። እዚያ ሌላም የምወደው ነገር አለ። ዜጋው በስሙ ገብቶ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ መረጃውን እንዳየ መመልከት ይችላል። ከባዱን "እመኑኝ" የሚል ቃል ወደ "ራስህ እየው" ቀየሩት።

የእኛ አገር ሕግ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መንፈሱ የአደራ መንፈስ ነው። መረጃ ለታወቀ ዓላማ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ዓላማ አይወጣም። ባለቤቱ ምን እንደተያዘበት የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማስታረም፣ በሕግ በተፈቀደው መንገድ የማሰረዝ መብት አለው። መረጃ ሲወጣም ድርጅቱ ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። አውሮፓ ያላችሁ ይህን ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ሕግም እንዲሁ ይላል።

ይህ ሕግ አሁን የበለጠ የሚያስፈልገው በፋይዳ፣ በብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ምክንያት ነው። ለፋይዳ ስንመዘገብ የ10 ጣቶቻችንን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቻችንን ምስልና ፊታችንን ሰጥተን ባለ 12 አሃዝ ቁጥር እንቀበላለን። ጥቅሙ ብዙ ነው። መታወቂያ ያልነበረው ገበሬ ባንክ ቤት ይታወቃል፤ በሌላ ሰው ስም መነገድ ይከብዳል። ግን አሻራ እንደ ፓስወርድ አይቀየርም። አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚጠየቀው የአቅም ደረጃ ከሁሉም በላይ መሆን አለበት፤ ግልጽነቱም እንዲሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ፋይዳው በዲጂታል ሊጣራ እየቻለ ብዙ ቦታ አሁንም "ኮፒውን አምጡ" እንባላለን። በተራቀቀ ሲስተም የተጠበቀው መታወቂያ ተመልሶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።

እኔ ምን ላድርግ?

ሁሉንም መመርመር አይቻልም። ዲጂኖታርን ማንም ተራ ሰው ሊያጣራው አይችልም ነበር። ግን መረጃ ስንጠየቅ "ለምንድን ነው? ማን ያየዋል? ሲያበቃ የት ይሄዳል?" ማለት እንችላለን። ፎርም ላይ የእናት ስምና የሃይማኖት ቦታ ስላለ ብቻ መሙላት ግዴታ ላይሆን ይችላል። የሚጠይቀው ሰው መልስ ከሌለው፣ መልስ ማጣቱ ራሱ መልስ ነው። የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ ለባንክም። ባንክ አይጠይቅምና። ዘመድ ብር ላክ ብሎ ሲጽፍ ደውሎ ድምፁን መስማት ነው። አይቀየምም፤ ዋስ ጠራህ እንጂ አልጠረጠርከውም።

ኮፒ ቤቱ በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ፓስፖርቴን ቴሌግራም ላይ ከሁለታችንም በኩል አጥፍቼው ነበር፤ ያን ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ላይ የወረደው ግን እኔ ስላጠፋሁ አይጠፋም። ልጁን ጠየቅሁት። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደነገጠ። "እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም" አለኝ። አብረን ፎልደሩን ከፈትን። የመጀመሪያው ፋይል የሦስት ዓመት ነበር። ሁሉንም አጠፋን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግን፣ ፓስወርድ አስገባን። አሁን ግድግዳው ላይ፣ ከቴሌግራም ቁጥሩ ስር፣ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ "ሥራ ሲያልቅ ፋይልዎን አጥፋልኝ ይበሉ።"